ሦስት መነጽር

«አክስቴ፣ መነጽርሽ ተገኘ?»

ጠያቂው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ የዓሣ መረቅ በወረቀት ኩባያ ይጠጣል። ምግብ ሻጯ ማልሱን ግራ ገባት። መነጽር ኖሯት አያውቅም። የሌላት ነገር እንዴት ይጠፋል? እንዴትስ ይገኛል?

«የምን መነጽር ነው ልጄ?» አለችው ኪምባቡን፣ በባሕር አረም የተጠቀለለውን ሩዝ፣ እየቆረጠች።

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው መረቁ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ሌላው በክርኑ ጎሸመውና፣ «ምንም አይደል አክስቴ፣ አርብ ታዪዋለሽ» አላት። ኩባያቸውን ጥለው እየተገፈታተሩ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ።

ማልሱን ቢላዋውን ይዛ ቆማ ቀረች። ልቧ ደስ አላለውም። ልጆች ሲስቁ ማየት ትወዳለች፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ወደ እሷ እያየ የሚሳቅ ነበር።

በኮሪያዋ የወደብ ከተማ በቡሳን፣ በዚህ ዳገት ሥር ምግብ መሸጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሱቋ አምስት በርጩማና አንድ ምድጃ ብቻ ናት። ከላይ ኮረብታው ላይ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ሱቋን የሚያኖሯት የዚያ ልጆች ናቸው። ሁሉም «አክስቴ» ይሏታል። ምግብ የምትሸጥ ሴት ሁሉ አክስት ስለሆነች ይህ ብርቅ አይደለም፤ ማልሱን ግን ቃሉን ከልቧ ትቀበለው ነበር። ማን ቲማቲም እንደማይወድ፣ ማን ፈተና ሲደርስ ሆዱን እንደሚያመው ታውቃለች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የራሷ ልጅ ሄሶልም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ሆናለች። ትምህርት ቤቱ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ጥቂት ወንበር መስጠት ግዴታው ነው፤ ሄሶል ከታች ሰፈር ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታ ከእነዚያ ወንበሮች አንዱን አገኘች። ተማሪዎቹ እንዲህ የገቡትን «ኮታዎቹ» ይሏቸዋል። ሄሶል ይህን ለእናቷ ነግራት አታውቅም። ማልሱን የሰማችው ከበርጩማዎቹ ነው፤ ልጆች አፋቸው ምግብ ሲይዝ አክስት ጆሮ እንዳላት ይረሳሉ።

ማልሱን አርባ ዓመት አልፏት የወለደቻት ልጅ ናት ሄሶል። አባቷ ከመርከብ ሥራ ሳይመለስ የቀረው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው። ከዚያ ወዲህ ማልሱን የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጇ እንደ እሷ እንዳትሆን። ሌሊት ትነቃለች፤ ልጅቷ ለብሳ መተኛቷን ታያለች፤ ማስታወሻዋ ቦርሳዋ ውስጥ መግባቱን በእጇ ትዳስሳለች። ምን እንደተጻፈበት ግን አታውቅም።

ማልሱን ማንበብ አትችልም ነበር። የተወለደችው ደቡብ፣ ደሴት ላይ ነው። ስሟ የመጨረሻዋ ሴት ማለት ነው፤ ከእሷ በኋላ ወንድ እንዲመጣ የወጣ ስም። ወንዱ መጣ። ትምህርት ቤት የገባውም እሱ ነው። እሷ በጀርባዋ አዝላ እስከ በሩ ታደርሰውና ባዶ ጀርባዋን ይዛ ትመለስ ነበር። ካደገች በኋላ ባንክ ስትገባ፣ ጤና ጣቢያ ስትገባ፣ ወረቀት ሲሰጧት የምትለው አንድ ቃል ነበራት። «መነጽሬን ቤት ረስቼው መጣሁ።» አርባ ዓመት ሙሉ ይህች ቃል ከውርደት አውጥታታለች። ሰዎቹም «ኧረ ችግር የለም» ብለው ያነቡላታል። በፊርማ ፈንታ የሚያገለግለውን የስም ማኅተሟን አውጥታ ትመታለች፤ ትወጣለች።

ባለፈው የጸደይ ወራት ነው ድፍረት አግኝታ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች በዕድሜ ትንሿ እሷ ስለሆነች «ሕፃኗ» ይሏታል። እርሳስ ስትይዝ ልክ ሥጋ እንደምትቆርጥ አጥብቃ ስለምትይዝ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከክፍሉ ውጪ መማሯን የምታውቀው ሄሶል ብቻ ነበረች።

የፊልሙ ነገር የመጣው ትምህርት በጀመረች በሦስተኛው ወር ነው። የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ በመከር ለሚከበረው የትምህርት ቤቱ በዓል የሚታይ አስቂኝ ፊልም ሊሠራ ተነሣ። የሀብታም ልጅና የኮታ ልጅ ቤት ተለዋውጠው አንድ ሳምንት ሲኖሩ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ጽሑፉን የጻፈችው ሄሶል ናት። ማልሱን ይህን ስትሰማ ለአትክልት ሻጯም፣ ለጎረቤቱ ቤት አሻሻጭ ሽማግሌም፣ ለፖስተኛውም አውርታለች። አዘጋጁ ደግሞ ክዎን ራዩል የሚባል ልጅ ነው፤ አባቱ የሆስፒታል ባለቤት፣ እናቱ የወላጆች ማኅበር ሰብሳቢ። ረጅም፣ ጨዋ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ልጅ። ማልሱን ትወደው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ራዩል ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ካሜራ ተሸክሞ ሱቋ መጣ። ሄሶል ያን ቀን የጽዳት ተራዋ ስለነበር አልነበረችም።

«አክስቴ፣ ዛሬ ተዋናይ አንቺ ነሽ» አላት።

«ኧረ በዚህ ፊቴ! ካሜራህ ይሰነጠቃል።»

«ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሄሶል ናት የጻፈችልሽ።» ወረቀት ዘረጋላት።

ልጇ የጻፈችው ነው። ማልሱን ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊደሎቹን አየቻቸው፤ ሦስቱን አራቱን አወቀቻቸው፤ የቀሩት እንደ ጉንዳን ተተራመሱባት። ሦስት ልጆች እየጠበቁ ነው። አፏ የለመደውን ተናገረ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው እኮ።»

«ችግር የለም» አለ ራዩል። ጓደኛውን ዞር ብሎ አየና የእሱን መነጽር አውልቆ ሰጣት። «ሞክሪው።»

ማልሱን አደረገችው። ዓለሙ ሁሉ ጠመመባት። «ይሄ ያዞራል» አለች።

ሌላዋ ጓደኛው ደግሞ የራሷን ሰጠቻት። «ይሄስ አክስቴ?»

«ይሄ… ይሄ ያደበዝዛል።»

ራዩል ወጥቶ ከጎረቤት የቤት አሻሻጩን ሽማግሌ የማንበቢያ መነጽር ተውሶ መጣ። እሱንም አደረገችው። አሁን ፊደሎቹ የአውራ ጣት ያህል ሆነው ቁጭ አሉ። ማምለጫ የላትም። ወረቀቱን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ አዘመመችው።

«ይሄ ደግሞ በጣም አተለቀው» አለች በመጨረሻ።

ልጆቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እንግዳ ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው። ከዚያ ራዩል መስመሮቹን በቃል ነገራትና በአንድ ጊዜ አለቻቸው፤ «ብዪ። በጮኸ ሆድ የምን ጥናት ነው።» የቀረጹት ይህን ብቻ መሰላት። ለሦስቱም ኪምባብ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ራዩል ወረቀት አውጥቶ «ለፈቃድ ነው አክስቴ፣ እዚህ ጋ» ሲላት ማኅተሟን መታች።

እንግዲህ መከር ደርሶ ያ የአንደኛ ዓመት ልጅ ስለ መነጽር ሲጠይቃት ማልሱን ይህን ሁሉ ረስታው ነበር። ማታ ሄሶል ስትመጣ ነገረቻት።

ሄሶል ጫማዋን ስታወልቅ ቀና አላለችም። «የልጆች ቀልድ ነው። ተያቸው።»

«አርብ ታዪዋለሽ አለኝ።»

«እማ፣ አርብ አትምጪ።»

«ለምን? የጻፍሽው ፊልም አይደል?»

«ሱቁን ማን ይጠብቃል? ለአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ብለሽ ትዘጊዋለሽ? ሁሉም እናቶች… ተይው በቃ። አትምጪ።»

ማልሱን ገባኝ አለች። የገባት መስሏት ነው። የራዩል እናት ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ የእሷ የበርበሬ ሽታ ልጅቷን ያሳፍራታል ብላ አሰበች። ከፋት፤ ግን አልፈረደችባትም። ሐሙስ ማታ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

አርብ ሱቁን ዘግታ ሄደች። ለሠርግ የምትለብሰውን ግራጫ ኮት ለብሳ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልጇ እንዳታያትና እንዳትቆጣ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት አበባ የያዙ ወላጆች ተቀምጠዋል። መብራት ጠፋ።

ፊልሙ ያስቃል። ማልሱን ከልቧ ሳቀች። የሀብታሙ ልጅ የታች ሰፈር ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ የኮታዋ ልጅ ደግሞ ትልቁ ቤት ውስጥ የመታጠቢያ ክፍሉን በር ፍለጋ ስትዞር፣ ይህን ልጄ ጻፈችው እያለች ጉልበቷን ትመታ ነበር።

ከዚያ ሱቋ መጣች። በርጩማዎቿ፣ ምድጃዋ። እሷ ራሷ፣ ሽርጥ ለብሳ፣ እንደ ቤት የገዘፈች። «መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው እኮ» አለች ስክሪኑ ላይ።

የመለከት ሙዚቃ ገባ። አንደኛው መነጽር። «ይሄ ያዞራል።» ሁለተኛው። «ይሄ ያደበዝዛል።» ሦስተኛው። ራዩል ምስሉን እየቆረጠ እየቀጠለ፣ ሦስቱን መነጽር ሠላሳ አስመስሎታል። መነጽር በመነጽር ላይ፣ ፊቷ እየጠመመ፣ ወረቀቱ እየራቀ እየቀረበ። አዳራሹ ፈነዳ። አንድ አባት ወንበሩን ይደበድባል። በመጨረሻ ፊቷ ቆመና ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። ማልሱን ለማንበብ ሞከረች፤ ሁለት ቃል ሳትጨርስ ጠፋ። ሳቁ እንደገና አዳራሹን አናወጠው።

አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት፣ «ምንድነው የሚለው?» አለቻት።

ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች፣ ሳቅ እያቋረጣት፣ «‹የከተማው መነጽር በሙሉ ቢሰበሰብ ፊደል አያስቆጥርም› ነው የሚለው» አለቻት። ከዚያ ዞራ አየቻት። ስክሪኑን አየች። እንደገና አየቻት። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ማልሱን መብራት እስኪበራ አልጠበቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ሄሶል እየሮጠች ደረሰችባት። «እማ! አትምጪ ብዬሽ አልነበር?»

«ታውቂ ነበር።»

ልጅቷ እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ጎተተች።

«ታውቂ ነበር ወይ ነው የምልሽ!»

«ሳምንት ሆኖኛል ካየሁት። ቁረጠው ብዬ ለመንኩት። ተንበርክኬ ነው የለመንኩት እማ። ‹የሚያስቀው እሱ ነው፣ እሱ ከወጣ ምን ቀረን› አለኝ።»

«እኔን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ማልሱን ደሟ ፈላ። ሦስት መቶ ሰው ሲስቅባት ያልወጣው ቃል አሁን በልጇ ላይ ወጣ። «እኔ ያንቺን ወረቀት ነው የያዝኩት! አንቺ የጻፍሽው ነው ብሎ ነው የሰጠኝ! ማንበብ ያማረኝ ያንቺን ነው!» ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። አበባ የያዙ ሰዎች ከአዳራሹ መውጣት ጀምረዋል። ሄሶል በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ማልሱን ዳገቱን ብቻዋን ወረደች።

ቅዳሜና እሁድ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። እሁድ ማታ ሄሶል ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ረቡዕ ለከተማው የወጣቶች ውድድር ይልኩታል» አለች። «ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ቡሳን በሙሉ ያየዋል።»

 ሰኞ ማልሱን መምጣቷን ለትምህርት ቤቱ በስልክ አስታወቀችና ሱቁን ሳትከፍት ዳገቱን ወጣች።

የመምህራን ክፍል በር ላይ ጫማዋን አውልቃ የእንግዳ ነጠላ ጫማ አደረገች። የወንድ ልክ ስለሆነ በየርምጃው ጧ ጧ ይላል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ናምጉንግ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። ራዩል ቆሟል። እናቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ በወርቃማ ጨርቅ የታሰረ የእንጆሪ ሣጥን። ሄሶልን ከክፍል አስጠርተዋታል፤ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ታያለች።

«የሄሶል እናት፣ እንኳን መጡ» አለ መምህሩ። «ስሜትዎን በጣም እረዳለሁ።»

«ያን ቦታ ቁረጡልኝ» አለች ማልሱን። «ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ፊልሙ ይሂድ። እኔ ያለሁበት ይውጣ።»

«ይኸውልዎት፣» አለ መምህሩ ወንበሩን እያስጠጋ፣ «ይህ ፊልም እኮ የመደብ ልዩነትን የሚተች ነው። እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች የቆመ ፊልም ነው። ያ ትዕይንት ማኅበረሰባችን የረሳቸውን ሰዎች…»

«እንደ እኔ ላሉ ሰዎች ከቆመ ለምን እኔ ላይ ቆመ?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የራዩል እናት ፈገግ አለች። ለስላሳ ድምፅ ነው ያላት። «እህቴ፣ ልጆች ናቸው እኮ። ክፋት የለውም። እኔ ራሴ ሳየው እንዴት ደስ የምትል ሴት ብያለሁ። ደግሞም ለሄሶል አስቢላት። ጽሑፉ የእሷ ነው። ቢያሸንፍ መዝገቧ ላይ ይጻፍላታል፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይረዳታል። እንደሷ ላለች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።» ሣጥኑን ገፋ አደረገችላት። «ይቺን ያዢልኝ።»

ማልሱን ሣጥኑን አልነካችውም። ቃሉ ግን ቦታውን አግኝቶ ወጋት። ለሄሶል አስቢላት። ሌላ ምን አስባ ታውቃለች? ለአንድ አፍታ ልትነሣ፣ ልትሄድ ቃጣት። ከዚያ ራዩል ተናገረ።

«አክስቴ፣ ይቅርታ። ግን ፈርመሻል እኮ። ሕጋዊ ነው።»

የተናገረው በትሕትና፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ማልሱንን ከመሄድ ያስቀራት ይህ ነው። ሲሰድባት እንኳ ትዕቢት አልታየበትም፤ ነገሩ እንደ ዝናብ መዝነብ ያለ ተራ ነገር ሆኖለታል።

«ወረቀቱን አምጡልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ማኅተሜ ያለበትን።»

መምህር ናምጉንግ ከመሳቢያ አወጣው። ሁለት ገጽ ነው። ሊያነብላት ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ ማልሱን እጇን ዘረጋች።

«እኔ አነበዋለሁ።»

«የሄሶል እናት፣ አይቸገሩ፣ እኔ በአጭሩ…»

«ማንበብ አልችልም ነበር። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ደብቄው፣ እናንተ ደብቃችሁት፣ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። አሁን ግን ሰባት ወር ተምሬያለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ትጠብቁኛላችሁ።»

ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች።

ጀመረች። «የ… ፊልም… ቀረጻ… ፈ… ቃድ።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታነበው፤ መምህሯ እንዳስለመደቻት። እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል ታፈርሰዋለች፤ ከዚያ ትገጥመዋለች፤ ከዚያ ደግማ ሙሉውን ትለዋለች። ከጎን ያሉ መምህራን ወረቀት ማገላበጣቸውን አቆሙ። የራዩል እናት ሰዓቷን አየች። ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች በኮሪደሩ ጮኸው አለፉ፤ ሌላ ደወል ተደወለ። ማልሱን ሦስተኛው መስመር ላይ ናት። ላብ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። አፍራ አይደለም። ንዴቱ ነው ጣቷን አልንቀሳቀስ እስኪል ወረቀቱ ላይ የሚጭነው።

አንድ ረጅም ቃል ላይ ተያዘች። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሄሶል ከግድግዳው ተላቃ ቀረበችና ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«ተዪኝ!» አለች ማልሱን ቀና ሳትል። ልጅቷ ተመልሳ አልሄደችም፤ እዚያው ከእናቷ ወንበር ጀርባ ቆመች። ቃሉ በአራተኛው ወጣ።

የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። «ይበቃል መሰለኝ እህቴ፣ ገባን እኮ» አለች የራዩል እናት።

«ሁለት ገጽ ነው» አለች ማልሱን።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ከሁሉ በታች፣ ማኅተሟ ከተመታበት ቀዩ ክብ አጠገብ፣ ሁለት መስመር አለ። ማልሱን እንደ ሌላው ሁሉ አፈረሰችው፣ ገጠመችው።

«ተ… ሳ… ታፊው። ተሳታፊው። ሥራው ለ… ውድድር… ከመ… ላኩ በፊት… ፈቃዱን… በማን… ኛውም ጊዜ… መ… ሰ… ረዝ…» ቆመች። ትርጉሙ ገና አልገባትም፤ ድምፁን ብቻ ነው ያወጣችው። ሙሉውን ደገመችው። «ተሳታፊው ሥራው ለውድድር ከመላኩ በፊት ፈቃዱን በማንኛውም ጊዜ መሰረዝ ይችላል።»

 መምህር ናምጉንግ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አየው። ይህን ቅጽ በየዓመቱ ያባዛል። ፊቱ ሲቀላ ማልሱን አየችው።

«አላነበባችሁትም ማለት ነው» አለች። «ማንበብ የምትችሉት እናንተ!» ጣቷን ወደ ወረቀቱ ቀሰረች። «እኔ አንድ ፊደል ለማግኘት ሰባት ወር ጣቴ ሲቆስል፣ እናንተ ከተወለዳችሁ ጀምሮ እጃችሁ ላይ ያለውን አላነበባችሁትም! እሰርዛለሁ። ዛሬ ሰኞ ነው። ሰርዣለሁ።»

«እንደዚያ ከሆነ ትዕይንቱን እናወጣዋለን» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ። «ራዩል…»

«እሱ ከወጣ አልልከውም» አለ ራዩል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነቱ ለቀቀው። «ሰው የሳቀው እዚያ ላይ ነው! የቀረው የሄሶል ስብከት ነው። ማን ያየዋል?»

«እኔ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነበር» አለች ሄሶል ከወንበሩ ጀርባ። «ሰው የምታበላ ሴት ነው የጻፍኩት።»

«ሁለት መስመር ማንን ያስቃል?»

«እናትህን አቁመህ መነጽር አድርግላት እሺ! እስቲ እሷ ታስቅ እንደሆነ!»

«ሄሶል!» አለ መምህሩ። የራዩል እናት ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። የእንጆሪ ሣጥኑንም ይዛ ሄደች።

ፊልሙ ለውድድር አልተላከም።

ትምህርት ቤቱ ማንንም አልቀጣም። ሄሶልን ግን የክፍሏ ልጆች ስልክ ላይ ከሚጻጻፉበት ቡድን አስወጧት። ለምሳ ስትሰለፍ ከፊቷና ከኋላዋ የአንድ ሰው ክፍተት ይተዋሉ። ፊልሙ ላይ የሠሩ ሁለት የክበቡ ልጆች፣ ውድድሩ ስለቀረ የዓመቱ መዝገባቸው ባዶ መቅረቱን ነገሯት፤ በቀስታ፣ በጨዋ ቋንቋ። መምህር ናምጉንግ መዝገቧ ላይ «ተሳትፋለች» የሚል አንድ ቃል ጻፈ። «ኮታ» የሚለውን አሁን ፊት ለፊት ይሏት ጀመር።

ማልሱን ይህን ሁሉ ከልጇ አፍ አልሰማችም። እንደ ድሮው ከበርጩማዎቹ ነው የሰማችው። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ስለ ሄሶል እያወሩ ሲስቁ ሳህናቸውን ከፊታቸው አነሣችው። «ገንዘባችሁን ውሰዱና ውጡ!» አለቻቸው። ያን ሳምንት ሱቋ ጭር አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ልጆቹ ተመለሱ፤ ይርባቸዋል፣ ሌላ ሱቅ ደግሞ ሩቅ ነው። «አክስቴ» አሏት። እሷም አበላቻቸው፤ ግን ማን ቲማቲም እንደማይወድ ማስታወስ ትታለች።

ብርዱ ሲጠነክር ሄሶል የመዛወሪያ ቅጽ ይዛ መጣች። ታች ሰፈር ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት።

«አይሆንም» አለች ማልሱን። «አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። ጥርስሽን ነክሰሽ ትጨርሻለሽ። እኔ እንዲህ ሰው ፊት የቆምኩት አንቺ ከዚያ እንድትወጪ ነው?»

«እንዲህ የቆምሽው እንዳይስቁብሽ ነው እማ። ልክ ነሽ። እኔም እንዳይስቁብኝ ነው።»

«ወንበሩ ያንቺ ነው! በጭንቅላትሽ ነው ያገኘሽው! እነሱ ናቸው መሄድ ያለባቸው፤ ያ ልጅ ነው መሄድ ያለበት!»

«አይሄድም» አለች ሄሶል። «አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ማልሱን ቅጹን ተቀበለች። ሁለት ገጽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታነበው አደረች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ እንደገና። ይህኛው ላይ የሚሰረዝ ነገር ፍለጋ ነበር። አላገኘችም። ጠዋት ስሟን በራሷ እጅ ጻፈችበት።

አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀምር ራዩል ሦስተኛ ዓመት ገባ፤ የፊልም ክበቡም ሊቀ መንበር ሆነ። መምህር ናምጉንግ እዚያው ነው። የራዩል እናት የወላጆች ማኅበሩን ትመራለች። ማልሱን ከዳገቱ ሥር ኪምባብ ትጠቀልላለች።

የሄደችው ሄሶል ናት።